ሉሙምባን ኮሚኒስት ያደረገው ማነው?

እንደምን አመሻችሁ ወገኖቼ! እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ በዚህ ብርድ ከቤታችሁ ወጥታችሁ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እዚያ በሩ ጋ የቆማችሁ ልጆች፣ ከፊት ወንበር አለ፣ ኑ ግቡ። ቡናው እስኪፈላ እኔ አወራለሁ፣ ከዚያ ተራው የናንተ ነው።

አዘጋጆቹ «ስለ ቀዝቃዛው ጦርነትና ስለ አፍሪካ ንገረን» ነበር ያሉኝ። ርዕሱ ሰፊ ነው። አንጎላ አለ፣ ሞዛምቢክ አለ፣ የኛው የምሥራቅ አፍሪካ ጉድ አለ። ሁሉንም ልንካ ብል ሳንጨርስ ይነጋል። ስለዚህ አንድ አገር ብቻ መረጥኩ። ኮንጎን። የመረጥኩበትም ምክንያት አለኝ። ውሳኔው የተወሰነው እኛ በምንኖርባት በዚህች በዋሽንግተን ከተማ ነው። መዘዙ ሲመጣ ደግሞ ኮንጎ ምድር ላይ ቆመው ካዩት መሃል የኛ ወታደሮች ነበሩበት።

ሁለት ጥያቄ ይዤ ነው የመጣሁት። አንደኛው፣ የኮንጎ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ፓትሪስ ሉሙምባ በእውነት ኮሚኒስት ነበር ወይ? ሁለተኛው፣ ካልነበረ በኮሚኒዝም ስም አገሩን ማን ምን አደረገው? ዓመትና ወሩን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው፣ ልጆቹም እንዲከተሉኝ።

መጀመሪያ አገሪቱን እንወቃት። ኮንጎ ከ1885 እስከ 1908 የአንድ ሰው የግል ንብረት ነበረች። የቤልጂጉ ንጉሥ የዳግማዊ ሊዮፖልድ። ጎማ አላመጣህም ተብሎ የሰው እጅ የተቆረጠባት አገር ናት። ከዚያ ለቤልጂግ መንግሥት ተላለፈች። መዳብ፣ ኮባልት፣ አልማዝ፣ ምን የሌላት ነገር አለ? ሂሮሺማ ላይ ለተጣለው ቦምብ ከገባው ዩራኒየም አብዛኛው የወጣው ካታንጋ በሚባለው ክፍለ ሀገር ውስጥ ካለው ሺንኮሎብዌ ከሚባል ማዕድን ነው። ይህን ያዙልኝ፣ ኋላ ይጠቅመናል።

እንግዲህ ይህች አገር ነጻ ስትወጣ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ሰው ስንት ነበራት? ሠላሳ አይሞላም። በሠራዊቷ ውስጥ አንድም ጥቁር መኮንን አልነበረም። አንድም! በ1955 አንድ የቤልጂግ ምሁር በሠላሳ ዓመት ውስጥ ቀስ እያልን ነጻ እናውጣቸው ብሎ ቢጽፍ፣ ብራስልስ ውስጥ ብዙዎች እንደ እብድ አዩት፣ ፈጠነብን ብለው። አምስት ዓመት ሳይሞላ በ1959 መጀመሪያ በዋና ከተማዋ በሊዮፖልድቪል፣ በዛሬዋ ኪንሻሳ፣ ሕዝብ ተነሣ። ቤልጂጎች ደነገጡ። በጃንዋሪ 1960 የኮንጎ ፖለቲከኞችን ብራስልስ ሰበሰቡ። ሉሙምባ ያን ጊዜ እስር ቤት ነበር። ያለ እሱ አንነጋገርም ሲባል ከእስር አውጥተው በአውሮፕላን ወሰዱት። እዚያው ነጻነቱ በአምስት ወር ውስጥ ይሁን ተባለ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላል የኛ ሰው።

ቤልጂጎቹ የተስማሙት ለምን ይመስላችኋል? እኔ እንደማምነው ባንዲራው ይውረድ እንጂ ማዕድኑና ጦር ሰፈሩ በእጃችን ይቆያል ብለው ነው። ለዚህ ማስረጃዬ አንድ ጥቁር ሰሌዳ ነው። የሠራዊቱ አዛዥ ጄኔራል ጃንሰንስ የሚባል ቤልጂጋዊ ነበር። ነጻነት በታወጀ በአምስተኛው ቀን፣ በጁላይ 5፣ ወታደሮቹን ሰበሰበና ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ጻፈ። ምን ብሎ? «ከነጻነት በፊት፣ ከነጻነት በኋላ፣ እኩል ነው» ብሎ። በቃ። የዚያኑ ዕለት ማታ ወታደሩ ማመፅ ጀመረ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ቅደም ተከተል ልብ በሉልኝ። ቅደም ተከተሉን! ምክንያቱም ክርክሩ ሁሉ ያለው እሱ ላይ ነው። ጁላይ 10 ቀን የቤልጂግ ጦር መንግሥቱ ሳይጠይቀው ገባ። በማግሥቱ ጁላይ 11 ቀን ካታንጋ፣ ያ የመዳቡና የዩራኒየሙ አገር፣ በሞይስ ቾምቤ መሪነት ተገነጠልኩ አለ። የቤልጂግ መኮንኖች ሠራዊቱን አቋቋሙለት። ዩኒየን ሚኒየር የሚባለው የማዕድን ኩባንያ ግብሩን ለማዕከላዊው መንግሥት መክፈሉን ትቶ ለቾምቤ ማስገባት ጀመረ። ሉሙምባና ፕሬዚዳንቱ ካሳቩቡ የተባበሩት መንግሥታትን ጠሩ። ጦሩ መጣ፣ ግን ካታንጋ ላይ ኃይል አልጠቀምም አለ። ያኔ ሉሙምባ አውሮፕላን ተሳፍሮ የሄደው ወዴት ነው? ሞስኮ ነው? አይደለም ወገኖቼ። የመጣው ወደዚህ ነው። ዋሽንግተን!

በጁላይ 1960 መጨረሻ ዋሽንግተን ገባ። ያሳረፉት ብሌር ሀውስ ነው። ከዋይት ሀውስ መንገዱን ተሻግሮ ያለው የእንግዶች ማረፊያ፣ ቱሪስት ጭናችሁ በአጠገቡ ያለፋችሁ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር አላገኘውም። ከከተማ ውጭ ነበር። ያነጋገረው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኸርተር ነው። ሉሙምባ ቤልጂጎችን አስወጡልኝ፣ ማጓጓዣ ስጡኝ፣ እርዳታ ስጡኝ አለ። መልሱ በተባበሩት መንግሥታት በኩል ጠይቅ የሚል ነበር። ባዶ እጁን ተመለሰ። ወደ ሶቭየቶቹ ዞሮ ያንኑ ማጓጓዣ የለመነው ከዚያ በኋላ ነው። በኦገስት መጨረሻ የኢሊዩሺን አውሮፕላኖችና ካሚዮኖች መጡለት። ዋሽንግተን ያን ስታይ «ይኸው፣ አላልንም?» አለች።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ ጋ ደረስን። ኮሚኒስት ነበር?

ሉሙምባ ስታንሊቪል ውስጥ የፖስታ ቤት ጸሐፊ ነበር። ኋላ ሊዮፖልድቪል ላይ ቢራ ሻጭ ሆነ። ዞሮ እያስተዋወቀ የሚሸጥ፣ አንደበቱ የሚጣፍጥ ሰው ነበር ይባላል። በ1958 መጨረሻ አክራ ሄዶ ከጋናው መሪ ከንክሩማ ጋር ተገናኘ። ሲመለስ የሰበከው አንድ ኮንጎ ነው። ጎሣ የማይለይ፣ ክፍለ ሀገር የማይለይ፣ አንድ ኮንጎ። በጁላይ 1960 ደግሞ ምን እንዳደረገ ታውቃላችሁ? ለአንድ አሜሪካዊ ነጋዴ የአገሩን ማዕድንና ኃይል የሚያለማበት የ50 ዓመት ውል ፈረመ። የሃምሳ ዓመት! ኮሚኒስት ነው ይህን የሚፈርመው? ውሉ ኋላ እንዳልነበረ ሆኗል፣ ሰውየው ግን ዓይኑ ወዴት እንደነበር ያሳያችኋል።

ይህን ዋሽንግተን አታውቅም ነበር? ታውቃለች። ሊዮፖልድቪል የነበረው የሲአይኤ ኃላፊ ላሪ ዴቭሊን በኦገስት 18 የላከው ቴሌግራም ዛሬ ለሕዝብ ክፍት ነው። ሉሙምባ በእውነት ኮሚኒስት ይሁን፣ ወይ ሥልጣኑን ለማጠንከር የኮሚኒስት ጨዋታ እየተጫወተ ይሁን፣ ሌላ ኩባ እንዳይፈጠር የቀረን ጊዜ ትንሽ ነው ይላል። ይሁን አይሁን ለነሱ ለውጥ አልነበረውም ማለት ነው። ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት። ስሙን ያወጡለት ያገሩ ተቀናቃኞችና ቤልጂጎች ናቸው። ዋሽንግተን ተከተለች። ስሙ ከወጣ በኋላ ሰውየው ምን አለ፣ ምን ፈረመ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም።

አሁን ደግሞ እዚሁ ዋሽንግተን አጠገብ ስላለው ደላስ ኤርፖርት ልንገራችሁ። እዚህ ካላችሁት ብዙዎቻችሁ የታክሲ እንጀራ በልታችኋል። እኔም ደላስ ላይ ተራ እየጠበቅሁ ነው ልጆቼን ያሳደግሁት። መኪናው ረድፉ ውስጥ ቆሞ፣ እኛ ኮፈኑ ላይ ደገፍ ብለን ስንት አወራን! ከኛ ጋር የሚውል አንድ የኮንጎ ሰው ነበር፣ የኪሳንጋኒ ልጅ፣ የድሮዋ ስታንሊቪል ማለት ነው። ዝምተኛ ነው። አንድ ቀን «ይህ ኤርፖርት በማን እንደተሰየመ ታውቃለህ?» አለኝ። አላውቅም ነበር። በጆን ፎስተር ደላስ ነው፣ በአይዘንሃወር የቀድሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር። ወንድሙ አለን ደላስ ደግሞ ሉሙምባ ጠቅላይ ሚኒስትር በነበረበት ጊዜ የሲአይኤ ኃላፊ ነበር። ለዴቭሊን በኦገስት 26 በፈረመው ቴሌግራም የሉሙምባ መወገድ አጣዳፊና ዋነኛ ዓላማችን መሆን አለበት ይላል። ያ የኮንጎ ሰው ይህን ቴሌግራም በቃሉ ነበር የሚያውቀው። በየቀኑ ያን ስም ከነወንድሙ እያሰበ ነበር ተሳፋሪ የሚጭነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ደላስ የሚለውን ምልክት ባየሁ ቁጥር ያ ነገር ትዝ ይለኛል።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። ሴፕቴምበር 5 ካሳቩቡ ሉሙምባን ሻርኩት አለ። ሉሙምባም እኔ ነኝ የሻርኩህ አለ። ሴፕቴምበር 14 ኮሎኔል ሞቡቱ፣ ሉሙምባ ራሱ ያሳደገው የቀድሞ ጸሐፊው፣ ሁለቱንም አግዷል ተባለ። የሶቭየትንና የቼኮዝሎቫኪያን ኤምባሲ ዘጋ። በዚያው ወር ሲድኒ ጎትሊብ የሚባል የሲአይኤ ኬሚስት መርዝ ይዞ ሊዮፖልድቪል ገባ። ይህ አሉባልታ አይደለም። የአሜሪካ ሴኔት ኮሚቴ በ1975 መርምሮ ያወጣው ነው። መርዙ ሥራ ላይ አልዋለም፣ ዴቭሊን ራሱ ኋላ ወንዝ ውስጥ እንደጣለው ተናግሯል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ሉሙምባን ጻድቅ አላደርገውም። በኦገስት መጨረሻ የኮንጎ ጦር ደቡብ ካሳይ ዘምቶ ባክዋንጋ ላይ የሉባ ጎሣ ሰዎችን ፈጅቷል። ሴት ሕፃን ሳይል። ጦሩን ያዘመተው የሉሙምባ መንግሥት ነው፣ የተጓዘውም በሶቭየት መኪናና አውሮፕላን ነው። ከካሳይ የመጣ ሰው ስለ ሉሙምባ ሌላ ነገር ቢነግራችሁ ስሙት፣ አትከራከሩት። የሞተው ወገኑ ነው።

ከዚያማ የምታውቁት ነው። ሉሙምባ ቤቱ ተከቦ ተቀመጠ። ውስጡን የተባበሩት መንግሥታት ወታደር ይጠብቀዋል፣ ውጩን የሞቡቱ ወታደር ከቦታል። ኖቬምበር 27 ማታ በዝናብ አምልጦ ወደ ስታንሊቪል መንገድ ጀመረ። መንገድ ላይ ሕዝቡ ንግግር አድርግልን እያለ ያስቆመው ነበር፣ እሱም እምቢ ማለት አይችልም። በዚያ ምክንያት ደረሱበት። ሲመለስ የተነሣው ፊልም አለ። እጁ ታስሯል፣ መነጽሩ የለም፣ አንድ ወታደር የሉሙምባን የራሱን ንግግር የያዘ ወረቀት አፉ ውስጥ ሊጎሰጉስ ይታገላል። ፊቱን እዩት። አይለምንም።

ጃንዋሪ 17 ቀን 1961 ከሁለት ጓደኞቹ፣ ከሞሪስ ምፖሎና ከጆሴፍ ኦኪቶ ጋር፣ ለጠላቱ ለካታንጋ አስረከቡት። በዚያው ሌሊት ከኤሊዛቤትቪል፣ ከዛሬዋ ሉቡምባሺ፣ ወጣ ብሎ ባለ ጫካ ረሸኗቸው። ቾምቤና ሚኒስትሮቹ ነበሩ። የቤልጂግ መኮንኖች ነበሩ። ዕድሜው 35 ነበር። ኋላ አንድ የቤልጂግ ፖሊስ አስከሬናቸውን ቆራርጦ በአሲድ አሟሟው፣ መቃብር እንዳይኖር። ሞቱ የተነገረው ወር ሊሞላ ሲል ነው፣ ያውም ሲያመልጡ የመንደር ሰው ገደላቸው በሚል ውሸት።

አባቴ ያን ጊዜ ኮንጎ ነበር። ጃንሆይ ለተባበሩት መንግሥታት ከላኩት ጦር ጋር በ1960 ስታንሊቪል ገባ። የኛን አገር የዲሴምበር መፈንቅለ መንግሥት፣ የነመንግሥቱ ንዋይን ነገር፣ የሰማው እዚያው ሆኖ ነው። ቤት ውስጥ ስለ ውጊያ አውርቶ አያውቅም። የሚያወራው ስለ ትእዛዙ ነበር። «ካልተኮሱብህ አትተኩስ፣ በማንም ጉዳይ አትግባ» ነው የተባልነው ይላል። «ታዲያ ሰው ፊትህ ሲደበደብ እንዴት ነው የማትገባው?» እያለ ይጠይቀን ነበር። እኛ ልጆች ነን፣ ምን እንመልስለት? የሉሙምባ ሞት የተሰማ ቀን ስታንሊቪል ላይ ሴቶቹ መሬት ላይ ተቀምጠው ሲያለቅሱ፣ የኛ ወታደሮችም ባርኔጣቸውን አውልቀው አብረው እንደቆሙ ነግሮናል።

በነገራችን ላይ፣ ኮንጎዎችም እኛ አገር ዘምተዋል። ይህን ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? በ1941 ጣሊያንን ለማስወጣት የቤልጂግ ኮንጎ ጦር በሱዳን በኩል አሶሳ ገባ፣ ጋምቤላ ገባ። ደምቢዶሎ ላይ የጣሊያኑ ጄኔራል ጋዜራ እጁን የሰጠው ለነሱ ነው። የኮንጎ ልጅ ለኛ ነጻነት ወለጋ አፈር ውስጥ ተቀብሯል። ሃያ ዓመት ሳይሞላ የኛ ልጅ ደግሞ ኮንጎ ዘመተ። ከ1962 እስከ 1963 መላውን የተባበሩት መንግሥታት ጦር የመሩት ሌተና ጄኔራል ከበደ ገብሬ ናቸው። የካታንጋ መገንጠል በጃንዋሪ 1963 ያበቃውም በሳቸው አዛዥነት ጊዜ ነው፣ ከተዋጉት መሃል የኛ ብርጌድ ነበረበት።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ። በኮሚኒዝም ስም ኮንጎ ምን ሆነች?

ሞስኮን እንጀምር። ክሩሽቾቭ ብዙ ጮኸ፣ ጥቂት ሰጠ። የሉሙምባ ምክትል የነበረው ጊዜንጋ ስታንሊቪል ላይ መንግሥት ሲያቋቁም ሶቭየት ዕውቅና ሰጠችው፣ ከዚያ ያለፈ ነገር ግን ብዙም አልመጣለትም። ለሉሙምባ የሰጡት ትልቁ ነገር ስም ነው። ሞስኮ ያለውን የሕዝቦች ወዳጅነት ዩኒቨርሲቲ በስሙ ሰየሙት። እዚያ የተማራችሁ እዚህም አላችሁ፣ ስገባ ሰላም ብያችኋለሁ። ትምህርቱ ጥሩ ነበር፣ አልክድም። ሟቹን ግን በሕይወት ሳለ አላዳኑትም።

በ1964 የሉሙምባ ተከታዮች ሲምባ በሚል ስም ተነሡ። የአገሪቱን ሰፊ ክፍል ያዙ። ያኔ ዋሽንግተንና ብራስልስ ምን አደረጉ? ከደቡብ አፍሪካና ከሮዴሺያ ነጭ ቅጥረኛ ወታደር መጣ። በኖቬምበር 24 ቀን 1964 የቤልጂግ ፓራሹተኞች ከአሜሪካ አውሮፕላን ስታንሊቪል ላይ ዘለሉ፣ የታገቱ ነጮችን ለማስፈታት። የመንግሥቱን የጦር አውሮፕላኖች የሚያበሩት ደግሞ ሲአይኤ የቀጠራቸው ከካስትሮ የሸሹ ኩባውያን ነበሩ። በ1965 ቼ ጉቬራ ከመቶ ከሚበልጡ ኩባውያን ጋር የታንጋኒካን ሐይቅ ተሻግሮ ለአማፅያኑ ሊዋጋ ገባ። እስቲ አስቡት ወገኖቼ! ኩባዊ ከሰማይ፣ ኩባዊ ከምድር፣ የኮንጎ ገበሬ በመሃል!

ዋናው ነገሬ እዚህ ላይ ነው። በ1960 ሊዮፖልድቪል ውስጥ «ሌላ ኩባ» አልነበረም። የተበደለ፣ ችኩል፣ አገሩ አትበተንብኝ የሚል ሰው ነበር። ያን ሰው ከገደሉት በኋላ በአራት ዓመቱ እውነተኛ ኩባዎች መጡ። የፈሩትን ነገር የጠራው ፍርሃታቸው ራሱ ነው። ሉሙምባን ወደ ሞስኮ የላከው የማርክስ መጽሐፍ አልነበረም፣ እዚህ ዋሽንግተን የተዘጋበት በር ነው።

ያ ሁሉ የተደረገው ለምን ነበር? ሞቡቱን ለማንገሥ ሆኖ ቀረ። በኖቬምበር 1965 ሥልጣኑን ጠቅልሎ ያዘ። እስከ ሜይ 1997 ገዛ። የዋሽንግተን ወዳጅ ስለነበር አልተነካም። አገሪቱን ዛየር አላት፣ ለኮንኮርድ አውሮፕላን የሚሆን ማረፊያ በአባቶቹ መንደር በግባዶሊቴ ሠራ፣ አስተማሪው ደመወዝ አጥቶ ሲራብ። ቀዝቃዛው ጦርነት ሲያልቅ የሚፈልገው ጠፋ። ትቶት የሄደውን ጦርነት የኮንጎ ሕዝብ እስከ ዛሬ እየከፈለበት ነው፣ በምሥራቅ በጎማና በቡካቩ ከተሞች ላይ።

ጁን 2022 ላይ ያ የኪሳንጋኒ ጓደኛዬ ደወለልኝ። ቪዲዮ ላከልኝና እየተነጋገርን አየን። ብራስልስ ነው። የሉሙምባ ልጆች ቆመዋል፣ አርጅተዋል። ትንሽ ሰማያዊ ሣጥን ይሰጧቸዋል። በሣጥኑ ውስጥ አንድ ጥርስ አለ። አስከሬኑን ያሟሟው ፖሊስ ማስታወሻ ብሎ ቤቱ ያስቀመጠው፣ በ2016 ከፖሊሱ ልጅ ቤት በፍርድ ቤት የተወሰደ የሉሙምባ ጥርስ። የቤልጂግ ጠቅላይ ሚኒስትር ይቅርታ ጠየቀ። ጥርሱ በሙሉ የሬሳ ሣጥን ሆኖ ወደ ትውልድ መንደሩ፣ ወደ ኪሳንጋኒ፣ ወደ ሉቡምባሺ ዞረ፣ ጁን 30 ኪንሻሳ ተቀበረ። ጓደኛዬ «አባታችን ገባ» አለኝ። እኔም «እግዚአብሔር ነፍሱን ይማር» አልኩት፣ በአማርኛ። ሌላ የማውቀው ቃል አልነበረም።

ወገኖቼ፣ አንድ ልመና አለኝ። የኮንጎ ዘማቾች አብዛኞቹ አልፈዋል። በሕይወት ያሉት ዘጠናን እየተጠጉ ነው። አባታችሁ፣ አጎታችሁ፣ ያክስታችሁ ባል ኮንጎ ዘምቶ ከሆነ እባካችሁ ፎቶውን፣ ደብዳቤውን፣ ሜዳሊያውን ፈልጉ። ከኋላው የተጻፈ ካለ አትጣሉት። በሕይወት ካሉ ስልካችሁን አውጥታችሁ ቅረጿቸው። የት ነበርክ? በየትኛው ሻምበል? ማንን አየህ? ብላችሁ ጠይቁ። የሚቀጥለው ወር ስብሰባ ላይ ይዛችሁ ኑ። እኔ የአባቴን ሰማያዊ ቆብና ሁለት ፎቶ አመጣለሁ። ከዚያ እንዴት አድርገን በአንድ ቦታ እንደምናስቀምጠው አብረን እንመክራለን።

ቡናው ደርሷል መሰለኝ። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ። ወደ ጥግ ያሉት አባት፣ እርስዎ ይጀምሩልን።